ሁለት ዳክ በአንድ ክሎክ፦ ከድሬ የሥራ ማስታወሻ

ድሬ ላይ ስፒከር በራሳችን የምንሠራ ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን ስለ ዉፈር፣ ስለ ሳጥንና ስለ ዋት ነው። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ክሎክ ነው፤ ለቺፖቹ የሥራ ፍጥነታቸውን የሚመታላቸው ምት። ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው ቺፕ፣ ዳክ የምንለው፣ ከአንድ በላይ ሲሆን ሁሉም እኩል መራመድ አለባቸው። ይሄ ካልተያዘ ጥሩ ዉፈር ብቻውን የትም አያደርስም።

የምሠራው ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ) እና ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣ) ያለው ስፒከር ነው። ድምፁን የሚከፍለው ሶፍትዌር ነው፤ መክፈያው 2,500 ኸርዝ ላይ ነው። ለግራና ለቀኝ በድምሩ አራት ቻናል ይፈልጋል። የምጠቀምበት ዳክ ፒሲኤም5102ኤ ያለው ሁለት ቻናል ብቻ ስለሆነ ሁለት ቺፕ ግድ ነው።

በመጀመሪያ ችግሩን በጆሮዬ መስማት ፈለግሁ። ሆን ብዬ የዉፈሩን ዳክ በአንድ ኢኤስፒ32 (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ የትዊተሩን በሌላ ኢኤስፒ32 አስነዳሁ። ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ አስጀመርኳቸው። መነሻው ላይ ያምራል። ትንሽ ቆይቶ የዘፋኙ ድምፅ መሃሉ ይጎድላል፤ ከዚያ ይሞላል፤ ደግሞ ይጎድላል። አቦ፣ ይሄን አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም!

ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። እያንዳንዱ ቦርድ ክሎኩን የሚያገኝበት የራሱ ክሪስታል አለው። የሁለቱ ልዩነት ከሚሊዮን 20 እጅ ቢሆን፣ በየሰከንዱ 20 ማይክሮሰከንድ ይራራቃሉ። የ2,500 ኸርዝ አንድ ሞገድ የሚፈጀው 400 ማይክሮሰከንድ ነው። ስለዚህ ከ10 ሰከንድ በኋላ ዉፈሩና ትዊተሩ መክፈያው ላይ ተቃራኒ ይገፋሉ፤ በ20ኛው ይገጥማሉ። በ10 ደቂቃ መራራቁ 12 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ሁለት ጎበዝ ከበሮ መቺዎች ሳይተያዩ ቢመቱም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ዘፈኑ ግን ይበላሻል።

የድሬ ቀትርም አያግዝም። ክሪስታል በሙቀት ፍጥነቱ ይለወጣል፤ አምፕሊፋየር አጠገብ ያለው ቦርድና መስኮት ሥር ያለው እኩል አይሞቁም። አንዴ አስተካክዬ ልተወው ማለት አያዋጣም። ውድ ክሪስታል ቢገዛም መንሸራተቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ቋሚ ልዩነት ቢሆን ቀዳሚውን በማዘግየት (በዲሌይ) ይስተካከል ነበር። ስለዚህ ገንዘባችሁን ክሪስታል ላይ አታፍስሱ፤ ክሎኩን አንድ አድርጉት።

አሁን ሁለቱንም ዳክ የሚነዳው አንድ ቲንሲ 4.0 የሚባል ቦርድ ነው። ዲጂታል ድምፅ ከቺፕ ወደ ቺፕ በሚተላለፍበት በአይቱኤስ አሠራር ቢት ክሎክ (ለእያንዳንዱ ቢት የሚመታ)፣ ወርድ ክሎክ (ግራና ቀኝን የሚለይ) እና ዳታ (ድምፁ ራሱ) አሉ። በሰከንድ ለ44,100 ናሙና ቢት ክሎኩ 2.8224 ሜጋኸርዝ ነው። ሁለቱ ክሎኮች ለሁለቱም ቺፕ ይደርሳሉ፤ የሚለየው የዳታው ሽቦ ብቻ ነው። ፒሲኤም5102ኤ ማስተር ክሎክ (ቺፑ ውስጡን የሚያሠራበት ፈጣኑ ክሎክ) ባያገኝም ከቢት ክሎኩ ለራሱ ማመንጨት ይችላል። ለአንድ ቺፕ ይሄ ምቹ ነው። ሁለት ሲሆኑ ግን እኔ 11.2896 ሜጋኸርዙን ማስተር ክሎክ ለሁለቱም መስጠት እመርጣለሁ፤ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ቢጠጡ ልቤ ያርፋል። ተገጣጥመው በሚሸጡት ትንንሽ ቦርዶች ላይ የማስተር ክሎኩ እግር ብዙውን ጊዜ በብየዳ ከግራውንድ ተያይዞ ይመጣል። ክሎክ ልትሰጡት ከሆነ መጀመሪያ ብየዳውን ፍቱት።

ሽቦው ይጠር፤ ከክሎኩ ጎን ግራውንድ ይሂድ። ቲንሲው ጫፍ ላይ 33 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገብቻለሁ፤ የምልክቱን መንጠር ያረግባል። የሁለቱን ቺፕ የሚውት (ድምፅ መዝጊያ) እግርም አንድ ላይ አሰርኩ፤ ክሎኩ ከተረጋጋ በኋላ እኩል ይከፈታሉ።

መፈተሻው ኦሲሎስኮፕ (የምልክት ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) አይጠይቅም። ሁለት ግቤት ያለው ሳውንድ ካርድ ይበቃል። የአንዱን ዳክ ውጤት በግራ፣ የሌላውን በቀኝ አስገቡ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት አጭር ጠቅታ ላኩና ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር ላይ ቅዱ። ሁለቱን ግቤቶች የሚቀዳው አንድ ክሎክ ስለሆነ የምታዩት ልዩነት የዳኮቹ ነው። ከሰዓታት በኋላ ድገሙት። የእኔው ጠቅታዎች ማታም ጠዋትም እዚያው ናሙና ላይ ናቸው።

ቀጥሎ ሚድሬንጅ (የመሃሉን ድምፅ የሚያወጣ) ልጨምር ነው፤ ስድስት ቻናል ይሆናል። ሦስተኛ 5102ኤ ከማከል ስምንት ቻናል ያለውን ዳክ ፒሲኤም1681 ለመሞከር እያሰብኩ ነው። እሱን የሠራበት ካለ፣ ከየት እንዳገኘውና ብየዳው እንዴት እንደሆነለት ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።