ናፍታው የት ገባ?

የመኪናው ባለንብረት ባሕር ዳር ወዳለው ጋራዣችን ሲመጣ ፍርዱን ጨርሶ ነው። «ሹፌሩ ናፍታ ይሸጣል፤ ብቻ እስቲ መኪናውንም እዩልኝ» አለ። ሹፌሩ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ከደመወዙም መቆረጥ ተጀምሯል።

መኪናው ተሳቢ ያለው አሮጌ ከባድ ነው። ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭኖ ባሕር ዳር ያራግፋል። ናፍታ መጠጣቱ ሳያንስ ዓባይ በረሃ ላይ ይንፏቀቃል። ከህዳሴ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። እዚያ ላይ የደከመ ሞተር መደበቂያ የለውም።

ከእኛ በፊት ያየው መካኒክ «ፖምፓው አልቋል፣ ከነኖዝሉ ይውረድ» ብሎታል፤ ናፍታ የሚገፋውንና ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ «የከፍታ ነገር ነው» ብሎ ሸኝቶታል። ከፍታው እውነት አለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ግን ይኸው መኪና ይኸንኑ አቀበት አምና ደህና አድርጎ ይወጣው ነበር። ተራራው አላደገም።

እኔ የጠየቅሁት ስለ ጭሱ ነው። «ሽቅብ ስትረግጠው ያጨሳል?»

«ኧረ ምንም! እንደውም ከድሮው ጠርቷል።»

ባለንብረቱ ደስ አለው። እኔ ደግሞ መፈለጊያው ጠበበልኝ። የናፍታ ሞተር አቅም አጥቶ ጥቁር ካጨሰ አብዛኛውን ጊዜ አየር አንሶታል። ያኔ የአየር ፊልትሮው፣ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ቱርቦ የሚወጣው ቱቦ ይታያል። አቅም አጥቶ ካላጨሰ ግን ብዙ ጊዜ ናፍታው አልደረሰውም ማለት ነው።

«አልደረሰውም? ታዲያ የእኔ ብር የት ገባ?» አለ ባለንብረቱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የነዳጅ ፊልትሮ ቀየርን። ከታንኩ የሚመጣውን መስመርም ፈተሽን። ለውጥ የለም። ፖምፓ ከማውረዳችን በፊት አንድ ቀጭን ቱቦ ቀረችን። በእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦው የሚገፋው አየር በዚያች ቱቦ አድርጎ ፖምፓው ላይ ያለ ዲያፍራም፣ ማለትም በግፊት የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን፣ ይጫናል። ዲያፍራሙ ሲጫን ፖምፓው ናፍታ ይጨምራል። ግፊቱ ካልደረሰው «ቱርቦው ገና አልሠራም» ብሎ ናፍታውን ይቆጥባል፤ ሞተሩ በከንቱ እንዳያጨስ የተሠራ ነው።

የግፊት መለኪያ ጌጅ አየሩ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ማኒፎልድ ላይ ገጠምን። መኪናው እንደተጫነ ስንነዳው ግፊት አለ። ጌጁን ነቅለን በቱቦዋ ጫፍ፣ ፖምፓው ጋ ገጠምነው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ቱቦዋን በጣት ዳበስናት፤ ደህና ናት። ማሰሪያዋን ስንፈታ ግን ብረት እየፈተጋት ከሥር ተሰንጥቃለች። ስንጥቋ ማሰሪያው ውስጥ ስለነበረች ቆሞ ለሚያያት አትታይም። ቱቦዋን የቀየርንበት ዋጋ ከፖምፓ ማደሻው ጋር ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም።

የመኪናውን ጭነት ሳናራግፍ ለሙከራ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። ከሐይቁ ዳር ሜዳ ተነስቶ እስከ 2,700 ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ ዓባይ በረሃ ድረስ ሳይሄዱ ሞተር መፈተኛ ነው።

ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። ቀጥ ባለው መንገድ ሹፌሩን «ከማርሽ አውጣውና ልቀቀው» አልሁት። ያን ሁሉ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ረጅም መንሸራተት ነበረበት። እንደታሰረ በሬ ወዲያው ቀጥ አለ። ወርደን እጃችንን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋን። የተሳቢው የኋላ ጎማዎች አያስቀርቡም። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል።

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ፍሬኑን እኔ ነኝ ያጠበቅሁት። ዓባይን ጭነህ ስትወርድ ፍሬን ሲሳሳብህ ምን ታደርጋለህ? ሸራው አልቋል ብዬ ስንቴ ተናገርኩ!»

የባለንብረቱ ብር የገባበት እዚህ ነው። መኪናው በሜዳውም ሆነ ባዶውን ሲመለስ ፍሬኑን እየጎተተ ይሄዳል። አቀበት ላይ ደግሞ ሞተሩ በየደቂቃው የሚያገኘው ናፍታ ቢያንስም፣ በከባድ ማርሽ እየጮኸ ለአንዲት ኪሎ ሜትር ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ወጪው ይበልጣል።

ፍሬኑን አላልተን ቀጠልን። አቀበቱ ሲጀምር ሹፌሩ ከልማዱ ማርሽ ሊቀንስ እጁን ሰደደ። «ቆይ፣ ተወው» አልሁት። በዚያው ማርሽ ጎተተ። ማርሽ ሲለውጥ ብቻ ትንሽ ጭስ ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ጤነኛ ጭስ ናት። ሹፌሩ «ኧረ በማርያም!» እያለ መሪውን ይመታል።

ስንመለስ የተሳቢውን ሸራ በሙሉ ቀየርን። ለባለንብረቱም የናፍታ አለካክ አሳየሁት። ታንኩን በደልዳላ ቦታ አፍ እስከ አፉ መሙላት፣ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ጉዞው ሲያልቅ እዚያው ሞልቶ የገባውን ሊትር ለኪሎ ሜትሩ ማካፈል። እስከዚያ ድረስ የሚያሰላው በብር ነበር። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ከጥቁር ገበያ የተገዛውንም ከማደያው ጋር ደምሮ! ጀሪካኑ ስንት ሊትር እንደያዘ ማን ያውቃል?

ከሹፌሩ ደመወዝ የተቆረጠውን ግማሹን መልሷል። ቀሪውን «ፍሬኑን ያጠበቀው እሱ ነው» ብሎ ይዞታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ነግሬዋለሁም። ሸራ አልቋል ሲባል የገዛ ቢሆን ኖሮ ሹፌሩ መፍቻ ይዞ ተሳቢ ሥር አይገባም ነበር።