አመክንዮ በቤት ሲሰጥ ዓረፍተ ነገሩ ይቅደም

ልጃቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች አመክንዮን ብዙ ጊዜ ከተሳሳቱ ሙግቶች ስም ዝርዝር ይጀምራሉ። የ14 ዓመት ልጅ ያን ዝርዝር በሳምንት ይሸመድደዋል። የሰውን ንግግር ስም እየሰጠ ይጥላል፤ የራሱን ሙግት ከመነሻ እስከ መደምደሚያ ማቆም ግን ያቅተዋል። የስሕተቶቹ ስም ወደ መጨረሻ ይሂድ፤ ከሌላው ክፍል ሁሉ የበለጠ ጊዜ ለዓረፍተ ነገሩ ይዋል። በቀን 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 4 ቀን ከተሠራ 14 ሳምንት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ 5ቱ ሳምንት የዓረፍተ ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የብያኔ ናቸው። ልጁ የነገሩን የቅርብ ወገን፣ ቀጥሎም ከወገኑ የሚለየውን ይናገር። «ሐይቅ የተጠራቀመ ውሃ ነው» ካለ ሰፍቶበታል፤ ኩሬም ገባ። «ሐይቅ ደሴቶች ያሉት ውሃ ነው» ካለ ጣናን አስቦ ደሴት የሌለውን የዘንገና ሐይቅ አስቀርቷል። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ከዚያ አራቱ የዓረፍተ ነገር ዓይነቶች ይመጣሉ፦ «በግ ሁሉ እንስሳ ነው»፣ «አንድም በግ ፍየል አይደለም»፣ «አንዳንድ በግ ጥቁር ነው»፣ «አንዳንድ በግ ጥቁር አይደለም»። ሲታዩ ቀላል ናቸው። የሚከብደው የቤትና የገበያ ንግግርን ወደ እነሱ መመለስ ነው። «ሁሉም ማሳ አልተዘራም» የሚል ሰው ምን ማለቱ ነው? የተዘራ ማሳ የለም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ገና ያልተዘራ አለ ማለቱም ሊሆን ይችላል። ልጁ ተናጋሪውን ጠይቆ «አንድም ማሳ አልተዘራም» ወይም «አንዳንድ ማሳ አልተዘራም» ብሎ ይጻፈው። «ብቻ» ደግሞ አቅጣጫውን ይገለብጣል። «ታርጋ ያላቸው ባጃጆች ብቻ ይገባሉ» ማለት የሚገባ ባጃጅ ሁሉ ታርጋ አለው ማለት እንጂ፣ ታርጋ ያለው ሁሉ ይገባል ማለት አይደለም። በቀን 10 ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይመለስ፤ ከሬዲዮ፣ ከጎረቤት ወሬ፣ ከማስታወቂያ።

በዚሁ ጊዜ ስለ ሙሉ ወገኑ የተነገረለት ቃል በእርሳስ ይሰመርበት። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በግ» ብቻ ይሰመራል፤ ስለ እንስሳ ሁሉ የተባለ ነገር የለምና። በሁለተኛው ሁለቱም ይሰመራሉ፤ በሦስተኛው አንዱም አይሰመርም። ልጆች የሚደናገሩት በአራተኛው ነው፤ እዚያ የሚሰመረው «ጥቁር» ነው። እነዚያ በጎች ከጥቁር ነገር ሁሉ ውጭ ናቸው ስለተባለ ነው። ይህ ሳይጠራ ወደ ሲሎጂዝም፣ ከሁለት መነሻዎች አንድ መደምደሚያ ወደሚወጣበት ሙግት፣ መሻገር በኋላ ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ስለ ተቃርኖም አንድ ልማድ መታረም አለበት። «የከተማው መንገድ ሁሉ አስፋልት ነው» የሚለውን ለማፍረስ ልጆች «አንድም አስፋልት የለም» ወደሚለው ይዘላሉ፤ ሁለቱም ሐሰት ሊሆኑ እንደሚችሉ አያዩም። እሱን ለማፍረስ አንድ የጠጠር መንገድ ይበቃል።

በ8ኛው ሳምንት ሲሎጂዝም ይጀመር፦ ሦስት ቃላት፣ ሁለት መነሻዎች፣ አንድ መደምደሚያ። ሁለቱን መነሻዎች የሚያገናኘው ቃል መደምደሚያው ውስጥ አይገባም፤ በመነሻዎቹ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊሰመርበት ይገባል። የመማሪያው ምሳሌ መደምደሚያው ግልጽ ሐሰት የሆነ ዓይነት አይሁን፤ ልጁ ቅርጹን ሳይመረምር በመደምደሚያው ብቻ ይፈርዳልና። ይህን ስጡት፦

ጎጃሜ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው። የደብረ ማርቆስ ተወላጅ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ተወላጅ ሁሉ ጎጃሜ ነው።

ሦስቱንም ይቀበላቸዋል፤ ስለዚህም «ትክክል ነው» ይላል። አሁን በደብረ ማርቆስ ቦታ ጎንደርን ያስገባ። መነሻዎቹ እውነት እንደሆኑ ናቸው፣ መደምደሚያው ግን ሐሰት ሆነ፤ ቅርጹ አንድም ነገር አልተለወጠም። ስለዚህ መጀመሪያውኑ መደምደሚያው ከመነሻዎቹ አልተከተለም ነበር። ከዚያ ያሰምር፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው አገናኝ ቃል በሁለቱም መነሻ አልተሰመረም። ቃላቱን በመተካት መፈተን ከትምህርቱ ሁሉ ዋጋ ያለው መሣሪያ ነው፤ ደንቦቹን የረሳ ልጅ እንኳ በእሱ ይድናል።

ተገላቢጦሹም ይታይ። ወንዝ ሁሉ ከጣና ይወጣል፤ ጨሞጋ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ጨሞጋ ከጣና ይወጣል። ጨሞጋ የሚነሣው ከጮቄ ተራራ ስለሆነ መደምደሚያው ሐሰት ነው፤ ግን ይከተላል። ጥፋቱ በመጀመሪያው መነሻ ነው። ልጁ ለእያንዳንዱ ሙግት «ይከተላል?» እና «መነሻዎቹ እውነት ናቸው?» የሚሉትን ለየብቻ በሁለት ዓምድ ይመልስ።

የሲሎጂዝም ቅርጾች በጠቅላላው 256 ናቸው፤ በባህላዊው አቆጣጠር የሚጸኑት፣ ማለትም መደምደሚያቸው ከመነሻዎቻቸው የሚከተለው፣ 24 ብቻ ናቸው። ማስሸምደድ ከንቱ ድካም ነው፤ ማስመርና መተካት ያወጣቸዋል። ይልቅ የራሱን ይሥራ። በጎንጅም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ቤት ተማሪ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። ልጁም በየቀኑ ሁለት የሚጸኑና አንድ ሆን ብሎ ያበላሸው ሲሎጂዝም ይዞ ይምጣ፤ የተበላሸውን ማግኘት የአስተማሪው ሥራ ይሁን። ይህ ልምምድ ለ15 ዓመት ልጅ እጅግ ይስማማዋል፤ አስተማሪውንም ያነቃል።

የመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ያልተነገረ መነሻ ፍለጋ ናቸው። «ይህ ጤፍ የቢቸና ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ነው» የሚል ነጋዴ «የቢቸና ጤፍ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለውን ዋጠው። ልጁ ያን አውጥቶ ይጻፈውና እውነትነቱን ይመዝን። የተሳሳቱ ሙግቶች ስም አሁን ቢሰጠው ይጠቅማል፤ የቱ መነሻ እንደጎደለ አስቀድሞ ያውቃልና። የሃይማኖትና የፖለቲካ ምሳሌዎች ግን እስከዚህ ይቆዩ፤ ስሜት ከገባ ቅርጹ አይታይም።

ጎበዝ ልጅ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፦ «ያረፈደ ሁሉ ይቀጣል» ከተባለና ማንም ካላረፈደ፣ «አንዳንድ ያረፈደ ይቀጣል» ማለት ይቻላል? ባህላዊው አመክንዮ የተጠቀሰው ወገን አለ ብሎ ስለሚነሣ ይቻላል ይላል። ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የመጣው አመክንዮ ያን ስለማይቀበል 24ቱን ቅርጾች ወደ 15 ያወርዳቸዋል። ጥያቄው በ10ኛው ሳምንት ከመጣም ያኔውኑ ይመለስለት፤ ዘጠኙን የወደቁ ቅርጾች ራሱ ፈልጎ እንዲያወጣ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።