ትራንስፖዟን በፕላስተር ሸፍኜ የተማርኩት ቲዎሪ

አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ኖታ አላነብም ነበር። መዝሙሩን አንዴ ከሰማሁት እጄ ይከተለዋል። ዜማው ለዘማሪው ከፍ ካለበት ወይም ከወረደበት ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ እነካለሁ። ድምፁ ይቀየራል፣ ጣቶቼ ግን ከለመዱት ቦታ አይነቃነቁም። አብዛኞቻችን በጆሮ የተማርን ሰዎች እንዲህ ነው የምንጫወተው።

ለንደን ከመጣን በኋላ ልጄ ፒያኖ ጀመረች። በዘጠኝ ዓመቷ ለመጀመሪያው የፒያኖ ፈተና፣ ለግሬድ 1፣ ስትዘጋጅ የቲዎሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ከዚህ ኖታ እስከዚህ ያለው ኢንተርቫል ምን ይባላል?» አለችኝ። ኢንተርቫል በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለቱን ድምፆች አዜምኩላት። ስማቸውን ግን አላውቅም። ዝም ብላ አየችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔም ልማር ብዬ የወሰንኩት ያን ማታ ነው።

እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚፈተነው በኤቢአርኤስኤም ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1889 ጀምሮ ያለ ፈታኝ ተቋም ነው። ዋናዎቹ ደረጃዎች ከግሬድ 1 እስከ 8 ይሄዳሉ። እጄ ስለሚሠራ ከግሬድ 6 ልጀምር ብዬ አስቤ ነበር። ታዲያ ግሬድ 6 ፒያኖ ለመፈተን አስቀድሞ ግሬድ 5 ቲዎሪ ማለፍ ያስፈልጋል። በምትኩ የሚያገለግሉ ሌሎች ፈተናዎች አሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ግን በቲዎሪው በኩል ነው። እኔም ተመዘገብኩ።

ሦስት ወር አጠናሁ። የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ጊዜ የማገኘው ጠዋት አውቶብስ ውስጥ ነው። የሻርፖቹን (ድምፅን በግማሽ ከፍ የሚያደርጉትን ምልክቶች) ቅደም ተከተል እንደ ውዳሴ በቃሌ ያዝኩ፦ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ። ኢንተርቫል ሲመጣ በጣቴ እቆጥራለሁ። ፍጥነትና ስሜት ለማመልከት በኖታው ላይ የሚጻፉትን የጣልያንኛ ቃላት ሸመደድኩ። ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ከ75 ይታረማል፣ ማለፊያው 50 ነው። 46 አገኘሁ።

በጣም ነው ያዘንኩት። የት እንደተሸነፍኩ ግን አልጠፋኝም። ትራንስፖዚሽን ላይ ነው። ለቢ ፍላት ክላርኔት ሲ ተብሎ የተጻፈው ኖታ ሲነፋ የሚሰማው ቢ ፍላት ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ዜማ ወደ ሌላ ኪይ (መነሻ ድምፅ) ሲዛወር ምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠበቅብሃል። ይህን ሥራ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራችልኝ አንዲት ቁልፍ ናት። እኔ አንድም ቀን ሠርቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት፣ ሥራ ያልገባሁበት ቀን፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ፒያኖው ላይ ተቀመጥኩ። ቲዎሪ ሰልችቶኝ ነበር። እንዲሁ ትዝታ መጫወት ጀመርኩ፣ እንደ ልማዴ በጥቁሮቹ ቁልፎች። ከጂ ፍላት ተነስቼ አምስቱን ጥቁሮች ስነካ ትዝታ ሜጀር ሙሉ ለሙሉ ይወጣል። ቀጥሎ ደብተሩን አየሁ። ጂ ፍላት ሜጀር ስድስት ፍላት አለው፣ ተማሪ ከሚፈራቸው ስኬሎች (የድምፅ መሰላሎች) አንዱ ነው። ለካስ አምስቱ ኖታዎች ድሮም ጣቶቼ ሥር ነበሩ! የጎደሉኝ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሲ ፍላት እና ኤፍ።

ያን ሌሊት እስኪነጋ ቁጭ አልኩ። ትዝታን በርቀቱ ለካሁት፦ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ አንድ ሙሉ፣ አንድ ተኩል፣ አንድ ሙሉ። ከሲ ብነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይሆናል። ኢውንና ኤውን በግማሽ ግማሽ ዝቅ ሳደርጋቸው ትዝታ ማይነር ሆነ። ከሲ እስከ ኢ ሜጀር ሰርድ ነው (ሁለት ሙሉ ድምፅ)፣ ከሲ እስከ ኢ ፍላት ማይነር ሰርድ (አንድ ተኩል)። ልጄ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። ልዩነቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳለቅስበትም ስደሰትበትም ኖሬያለሁ፤ ስሙን ነው አሁን ያገኘሁት። ባቲ ቅኝትን ስሞክረውማ ገና ከመጀመሪያው ዝላይ ሜጀር ሰርድ አገኘሁ፣ ቀጥሎ ግማሽ ድምፅ።

በማግስቱ ትራንስፖዟን በፕላስተር ሸፈንኳት። በየሳምንቱ አንድ መዝሙር መርጬ በሌላ ኪይ እጫወት ጀመር። ከባድ ነበር። ከሲ ወደ ዲ መሄድ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አውቶብስ ውስጥ ማጥናቱን ግን አልተውኩም። የማነበውን ኢንተርቫል ሁሉ በሆዴ አዜመዋለሁ፤ ድምፁ ካልመጣልኝ አላወቅሁትም ማለት ነው። ከአራት ወር በኋላ በ58 አለፍኩ።

ግሬድ 6 ፒያኖ ሌላ ትግል ነው። ሦስት ቁራጮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ30። ስኬል ከ21፣ ያላዩትን ኖታ አንብቦ መጫወት (ሳይት ሪዲንግ) ከ21፣ የጆሮ ፈተናው ከ18። ድምሩ 150፣ ማለፊያው 100። የጆሮው ለእኔ እረፍት ነበር። ካዳንስ (የዜማ ሐረግ አዘጋግ) ሲጠይቁህ ዜማው አርፏል ወይስ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ያውቃል።

ሳይት ሪዲንጉ ግን ፈተነኝ። ግማሽ ደቂቃ ታየዋለህ፣ ከዚያ ትጫወታለህ። በጆሮ የተማረ ሰው ዓይኑ ሁለት ኖታ እንዳነበበ ጆሮው ቀሪውን ይገምትና እጁ የገመተውን ይጫወታል። ደግሞ ስሳሳት ቆሜ አስተካክላለሁ። ምቱን የሚገድለው ይህ ነው። የጠቀመኝ የልጄ የግሬድ 1 መጽሐፍ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ ብሳሳትም ሳልቆም። ዘግይቼ ስለጀመርኩ 12 ብቻ አገኘሁበት። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ማለፍ ግዴታ ባለመሆኑ ግን በድምሩ 114 አምጥቼ አለፍኩ። እንደገና ብጀምር ይህቺን አሥር ደቂቃ ከመጀመሪያው ቀን ነው የማስገባት።

ልጄ አሁን ግሬድ 3 ላይ ናት። ቅዳሜ ጠዋት አጠገብ ለአጠገብ እንቀመጣለን። እኔ አዲስ ገጽ ገልጬ አነባለሁ። እሷ ደግሞ ደብተሯን ዘግታ ትዝታን ከኢ ፍላት ትፈልጋለች። ባለፈው ሳምንት አራተኛዋን ኖታ ስታ «ቆይ፣ አትንገረኝ» አለችኝ።