ታንኳው ውኃ ይጠጣል

ባሕር ዳር የገባሁት ማታ ነው። ጠዋት ቡና እንኳ ሳልጠጣ ባጃጅ ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጣና የመጣ ሰው ገዳማቱን ለማየት ይቸኩላል። እኔ የመጣሁት ታንኳ ሲሠራ ለማየት ነው። ድሮ የአርኪዮሎጂ መምህራችን ውቅያኖስ ላይ ስለተነዳ የደንገል ጀልባ ሲያወራን፣ ደንገሉ የጣና መሆኑን ሰምቼ ጆሮዬ ቆሞ ነበር።

በዚህ ዳር ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ደረቅ ደንገል በጉልበታቸው ተጭነው ያስራሉ። ሲያጠብቁ ደንገሉ ይንጫጫል። አጠገባቸው ያለቀ ታንኳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ።

«አባባ፣ ይሄ ምን ያህል ያገለግላል?»

«እንደ አያያዙ ነው ልጄ። ውኃ ይጠጣል። ስትወጣ አቁመህ ካላደረቅኸው ይበሰብሳል።»

«ውቅያኖስ ይሻገራል ቢሉዎትስ?»

ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አንድ ሰው ግን ሞክሮታል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና 12 ቶን ያህል ደንገል አስጭኖ ግብፅ ወሰደ። ከቻድ ሐይቅ ያስመጣቸው ታንኳ ሠሪዎች ፒራሚዶቹ ሥር «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ከሞሮኮ ተነሥታ አብዛኛውን አትላንቲክ አቋርጣለች፤ የካሪቢያኗ ደሴት ባርቤዶስ ሳትደርስ ግን ኋላዋ ውኃ ውስጥ ገባና ጥለዋት ወጡ። ነገሩ የገመድ ነበር። የጥንቶቹ ግብፃውያን ሥዕል ላይ የተጠማዘዘውን ጅራት ከጀልባው ወለል ጋር የሚወጥር ገመድ አለ። ጥቅሙ ስላልገባቸው ትተውታል። በማግስቱ ዓመት ደቡብ አሜሪካ ካለው ቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች የተሠራችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

እኔን የሚገርመኝ መድረሷ ሳይሆን ያቺ ገመድ ናት። ሥዕሉን ሲያዩት የኖሩ ሰዎች ጌጥ መስሏቸው ያለፉትን ነገር፣ ባሕር ላይ ሲሰምጡ አወቁት። የሙከራ አርኪዮሎጂ፣ ማለት የጥንቱን ነገር ራስህ ሠርተህ መሞከር፣ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፤ እጅህ ሲሳሳት ታያለህ።

ሄየርዳል ግን ከዚህ በላይ ፈልጎ ነበር። የጥንት ሰዎች በእንዲህ ያለ ጀልባ አሜሪካ ደርሰው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳቡን አብሮ ጫነባት። እዚህ ላይ ብዙ አርኪዮሎጂስቶች አልተከተሉትም፣ እኔም አልከተለውም። ሰው ከባሕር ዳር ጎንደር በእግሩ መሄድ ይችላል። ትናንት ሄዷል ለማለት ግን ያየው ሰው ወይም ዱካው ያስፈልጋል።

በዚያው 1969 አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ሉዊስ ቢንፎርድ ሌላ መንገድ ጀምሯል። አላስካ ሄዶ ኑናሚዩት ከሚባሉ አዳኞች ጋር ተቀመጠ። አጋዘን ሲያርዱ የቱን አጥንት የት እንደሚጥሉ ያያል፣ ይመዘግባል። የጥንት አዳኞችን የአጥንት ክምር ለማንበብ ነው። ብልህ ዘዴ ነው፤ ትንሽ ግን ይከነክነኛል። ዛሬ የሚኖርን ሰው እንደ ትናንት ቅሪት ማየት ቀላል ነው። ሽማግሌው መሐል ላይ ስልካቸው ጮኸ። ስለ ታንኳው ዋጋ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ቆዩ፤ አልቀነሱም።

ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ የተጣለ ታንኳ አየሁ። ደንገሉ ጠቁሮ ጭቃ ሆኗል፤ በእግሬ ስነካው ፈረሰ። ሳይበላሽ የቀረው ሰማያዊ የናይለን ገመድ ብቻ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ እዚህ የሚቆፍር ሰው ገመዱን ያገኛል። መረብ ነበር ይል ይሆናል፣ ወይ የከብት ማሰሪያ። ታንኳ ነበር የሚል አይመስለኝም። ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ድሮ በልጥ ነበር የምናስረው» አሉኝ። «ያኔ ደግሞ ገመዱም አብሮ ይበሰብሳል።»

ከዚያ ልጃቸው ካልጫንኩህ አለኝ። ደንገሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጁ ረጅሙን መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ገፋን። ልብ ያለው ሰው ደረቅ እስር ከሥሩ ያነጥፋል፤ እኔ አላነጠፍኩም። ስመለስ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ሽማግሌው አዩኝና «ነግሬህ ነበር» አሉ።