ከደጅ ጥሪ ወደ ቴሌግራም፦ የሽሮ ሜዳ ሱቃችን ዋጋ አደባባይ ሲወጣ

ሽሮ ሜዳ ላይ የሀገር ልብስ መሸጥ ድሮ ደጅ ላይ ቆሞ መጣራት ነበር። «የኔ እህት፣ ገባ ብለሽ እዪ፣ ማየት በነፃ ነው!» እናቴ በዚህ ጥሪ ነው ያሳደገችን። ሱቃችን ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ ስለሆነ ጥሪው ካልተሰማ ገበያ የለም። ሱቁን እኔ ስረከብ ድምፄ እንደሷ አልሆነም። ስልክ ግን ነበረኝ።

ይህን የምጽፈው በስልክ መሸጥ ላሰባችሁ ነው። ጫማም ይሁን ቅመም፣ ነገሩ ብዙም አይለያይም። «እንዴት ጀመርሽው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ኢንተርኔት ደንበኛ እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ስልክ የንግዳችንን ትልቁን ምስጢር፣ ዋጋን፣ አደባባይ አወጣው። ሱቃችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው አብዛኛው ነገር ከዚህ የመጣ ነው።

እኛ ሰፈር ዋጋ የሚነገረው ሰው ታይቶ ነበር። መኪና አቁማ የገባች ሌላ ዋጋ፣ በታክሲ የመጣች ሌላ ዋጋ፣ ከአሜሪካ እንደመጣች የሚያስታውቅባት ደግሞ ሌላ። ሁለተኛዋ ለመጀመሪያዋ የተነገረውን አትሰማም። ሸማኔውም ቀሚሱ በመጨረሻ በስንት እንደተሸጠ አያውቅም። ጎረቤት ይገምታል እንጂ እርግጠኛ አይሆንም። እውነቱን እናውራ ካልን፣ ብዙዎቻችን የምንበላው ከዚያ ክፍተት ነበር።

የቴሌግራም ቻናሌን የከፈትኩት በክረምት፣ ገበያው ቀዝቅዞ ሱቅ ውስጥ ቡና በሚፈላበት ሰሞን ነው። ጊዜው ጥሩ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀንሶ ነበር። ከዚያ በፊት ፎቶ ስልክላት «ካርዴን ጨረሽብኝ እኮ» የምትል ደንበኛ ነበረችኝ። ዋጋው ከቀነሰ በኋላ ግን «ሌላም ካለሽ ጨምሪልኝ» ማለት ጀመረች። ቴሌግራምን የመረጥኩት ደግሞ ፎቶው ስለማይጠፋ ነው። ፌስቡክ ላይ የለጠፍሽው ከሁለት ቀን በኋላ የት እንደገባ አይታወቅም። ቴሌግራም ላይ ደንበኛዋ ወደ ላይ እየሳበች የአምናውን ሁሉ ታያለች። «ያን የመስከረም አካባቢ የለጠፍሽውን ባለ ሰማያዊ ጥለት» ብላ ጠቅሳ ትልክልኛለች።

ስለ ፎቶ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ነው። የሱቃችን መብራት ነጩን ፈትል ሰማያዊ ያስመስለዋል። ወርቃማ ጥለት ደግሞ አረንጓዴ መስሎ ይወጣል። እንደዚያ ያየችውን ልብስ ያዘዘች ሴት ዕቃው እጇ ሲገባ «የላክሽልኝ ሌላ ነው» ብትል ልክ ናት። ስለዚህ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነው የማነሳው። ግድግዳው ቀለም ያልተቀባ ሲሚንቶ ነው። ለነጭ ልብስ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም። ለአንድ ቀሚስ አራት ፎቶ ይበቃል። አንዱ ሙሉው፣ አንዱ የደረቱ ጥለት ከቅርብ፣ አንዱ የታችኛው ጥለት ስንዝሬን ዘርግቼበት፣ አንዱ ደግሞ ተገልብጦ። የተገለበጠው ዋናው ነው። በእጅ የተሸመነ ጥለት ክሩ ከጀርባው ይታያል። በማተሚያ የወጣ ሽፎን ጀርባው የደበዘዘ ነው። ልብስ የሚያውቁ እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ፊልተር አልጠቀምም፤ ፊልተር የሚያስፈልገው ልብስ ከሆነ አልለጥፈውም።

ቀጥሎ የዋጋ ነገር መጣ። በጊዜው ሁሉም ቻናል «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነበር የሚለው፤ ዛሬም ብዙው እንደዚያ ነው። እኔ ከሥሩ ጻፍኩት። እማዬ ስትሰማ ቡናዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ዋጋ ለጥፎ የሚሸጠው ሱፐርማርኬት ነው። ድርድሩን ምን አደረግሽው?»

ድርድሩን ገደልኩት፣ አልዋሽም። የሚጽፍልኝ ሰው ቁጥርም ቀነሰ። ድሮ «ስንት ነው?» ብሎ መልስ ሳይሰጥ የሚጠፋው ብዙ ነበር። አሁን የሚጽፈው ዋጋውን አይቶ፣ ከባሏ ወይም ከእህቷ ጋር ተማክራ የመጣች ናት። ጥያቄዋ «መቼ ይደርሳል?» ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ መልስ መስጠት ቀረልኝ። እማዬ እስካሁን ሱቅ ለመጣ ሰው የራሷን ዋጋ ትጠራለች። ሰዎቹ ግን ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩዋታል። «እማማ፣ እዚህ ላይ እኮ ሌላ ነው የሚለው» ይሏታል። ያኔ እኔን በዓይኗ ትፈልገኛለች።

ክፍያው ላይ ቀብድ የግድ ነው። ልብሱ በልክ ስለሚሰፋ፣ ሴትየዋ ሀሳቧን ከቀየረች ለሌላ ሰው አይሆንም። ግማሹን በቅድሚያ፣ ግማሹን ሲደርስ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ለብዙው ደንበኛ ቀብድ ማለት ባንክ ሄዶ ተሰልፎ ማስገባት ነበር፤ ሰልፉን የፈራች ደንበኛ እዚያው ትቀራለች። ቴሌብር ሲመጣ ክልል ያሉት በዙልኝ። ደሴ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደር። ዕቃውን በአውቶቡስ እልካለሁ፣ የታርጋ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ እሰጣታለሁ፣ መናኸሪያ ሄዳ ትቀበላለች። ኋላ ኤም-ፔሳም ሲመጣ ጨመርኩት፤ ደንበኛ ያላት ላይ ነው የምትከፍለው።

የስክሪንሾት ነገር ግን ይጠንቀቁ። የተቀናበረ የክፍያ ፎቶ የሚልክ ሞልቷል፤ ስሙም፣ ብሩም፣ ቀኑም ልክክ ያለ። የኛ ደንብ አጭር ነው፦ ብሩ እኛ ሂሳብ ውስጥ ሳይታይ መቀስ ጨርቅ አይነካም። የንግድ ባንክ ዝውውር ከሆነ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር እጠይቃለሁ። እውነተኛዋ ደንበኛ ወዲያው ትልከዋለች። ሌላኛው ይሳደባል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ከውጭ የሚመጣው ትዕዛዝ የራሱ ዓለም ነው። ዋሽንግተን ቀን ሲሆን እኛ ጋ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባ መልእክት ጠዋት ይጠብቀኛል። መጀመሪያ የማጣራው ልክን ነው። እሷ በኢንች ትልካለች፣ የኛ ሰፊ በሴንቲሜትር ነው የሚሠራው፤ «ደረት 38» ብሎ የተላከለት ሰፊ የሕፃን ቀሚስ መስሎት ይስቃል። ስለዚህ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌ፣ ቁመት እያልኩ እራሴ ሜትር ይዤ የምለካበት ቪዲዮ አዘጋጅቼ እልካለሁ። ክፍያው ብዙ ጊዜ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ነው የሚመጣው፤ እሷ ለእህቷ ትልካለች፣ እህቷ በቴሌብር ትከፍላለች። ዕቃው ካልቸኮለ በሰው እጅ ይሄዳል። «የሚሄድ ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ በኢንተርኔት ዘመንም አልሞተም፤ እንዲያውም ግሩፕ ከፍቶለታል።

የገበያውንም የቀን መቁጠሪያ ውጭ ያሉት ቀይረውልኛል። ድሮ ዓመቱ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ ነበር። አሁን በጥቅምት አካባቢ ከእስራኤል ለቤተ እስራኤላውያን የሲግድ በዓል ነጭ ቀሚስ ይታዘዛል፤ እኛ ሰፈር ያ ወቅት ድሮ የሞተ ገበያ ነበር። ከቤይሩትና ከሪያድ የሚመጣው ደግሞ ለላኪዋ አይደለም። «ለእናቴ ጋቢ፣ ወፍራም፣ ባለ አራት፣ ኮምቦልቻ ድረስ» ትላለች። ለራሷ ነጠላ ያዘዘች ጥቂት ናት። እናትየዋ ጋቢውን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ስታገኝ ለኔም ትልክልኛለች። እሱን ሳላስፈቅድ አልለጥፍም።

በዚህ ሁሉ መሀል ኔትወርክ የሚባል ነገር አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው ሀገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ቀብድ የወሰድኩባቸውን ሰዎች ስልክ ያገኘሁት ደብተር ላይ ስለጻፍኩት ነው። እማዬ ነበረች «ጻፊው» ያለችኝ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ያለ ቪፒኤን አልከፍት ሲሉ ገበያው በግማሽ ልብ ሆነ። ወጣቶቹ ቪፒኤን አውርደው ተመለሱ። እናቶቹ አልተመለሱም። ለእነሱ በኤስኤምኤስ «አዲስ ጋቢ ገብቷል» ብዬ ነበር የምልከው፤ ደውለው ያዙ ነበር። ስለዚህ ምክሬ፦ ቻናልሽ ላይ ያለው የተከታይ ቁጥር ያንቺ አይደለም። ደብተርሽ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ነው ያንቺ።

ሌላው የተለወጠው ማን ፋሽን እንደሚያወጣ ነው። ድሮ የበዓል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወይም አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ይወጣና በማግስቱ ሽሮ ሜዳ «ያቺ ዘፋኝ የለበሰችውን» እያለ ይጎርፍ ነበር። ዘፋኟ የት እንዳሰፋች የሚያውቅ አልነበረም፤ ስሙ ለልብስ ሰሪው አይደርስም። ሬዲዮ ላይ ማስታወቂያ ማስነገር ደግሞ ለኛ ዓይነት ሱቅ የማይታሰብ ወጪ ነበር። አሁን አንዲት ሙሽራ የመልሷን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ትለቃለች። ከሥሩ «ልብሱ ከየት ነው?» የሚለው ይደረደራል። እሷ ስማችንን ከጻፈች ያ ሳምንት ሌላ ነው። የሚገርመው ታዋቂ ሰው ከለበሰው ይልቅ ተራ ሰው የለበሰው ይሸጣል። ታዋቂዋን አይተው ያደንቃሉ፤ እንደ እነሱ ወፈር ያለች፣ ልጅ ያቀፈች ሴት ለብሳ ሲያዩ ነው ዋጋ የሚጠይቁት።

ታዲያ የሚታይ ነገር ይቀዳል። ጠዋት የለጠፍኩት ጥለት ማታ ሌላ ቻናል ላይ፣ የኛ ስም ተቆርጦ፣ በግማሽ ዋጋ ይወጣል። በግማሽ ዋጋ የሚሰጡት በማተሚያ የወጣ ሽፎን መሆኑን ገዢዋ የምታውቀው ከደረሳት በኋላ ነው። ፎቶው ላይ ስም በትልቁ ብጽፍም አልረዳኝም፤ እንዲያውም ጥለቱን ሸፈነብኝ። የረዳኝ ሸማኔውን ማሳየት ነው። ድሩ ተዘርግቶ፣ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያው ግራ ቀኝ ሲል፣ ያው ጥለት ጣት በጣት ሲወጣ። እሱን የሚሰርቅ የለም፤ ቢሰርቅም ለሌላ ልብስ አይሆነውም።

እዚህ ጋ ነው ያልጠበቅኩት የመጣው። ቪዲዮውን የሸማኔያችን ልጅ አየውና ለአባቱ አሳየው። ከቪዲዮው በታች ዋጋው ተጽፏል። ጋሼ በማግስቱ ሱቅ መጡ። ከእናቴ ጋር ለብዙ ዓመት የሠሩ፣ ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው የመጡ ሰው ናቸው። ቁጭ አሉ፣ ቡና ጠጡ፣ ሰላምታው አለቀ።

«ልጄ፣ ያቺ ባለ ቀይ ጥለቷ ቀሚስ 14 ሺህ ነው የምትሸጠው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ስንት እንደወሰድኩባት ታስታውሻለሽ?»

አስታውሳለሁ። የክሩን፣ የሰፊውን፣ የኪራዩን፣ የግብሩን እያልኩ ወረቀት ላይ ደረደርኩላቸው። እሳቸው ወረቀቱን አላነበቡም፤ ልጃቸው አነበበው። እማዬ አኩርፋ ወደ ጓዳ ገባች። በመጨረሻ የእጅ ዋጋቸው ከፍ አለ። እሳቸውም በምላሹ ለኛ ያወጡትን ጥለት ለሌላ ሱቅ ላይሠሩ ቃል ገቡ። ለኔ ይህ ከጭማሪው በላይ ነው። ድሮ ያው ጥለት ሦስት ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሰቀለው፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም ነበር። ዋጋ ለመለጠፍ ላሰበ ሰው ይህን ቀድሜ እነግረዋለሁ። ዋጋሽን የምታነበው ገዢዋ ብቻ አይደለችም። የሚሠራልሽም፣ አከራይሽም፣ ግብር ሰብሳቢውም ያነቡታል። ወረቀት ላይ ደርድረሽ ልታስረጂው የማትችይው ትርፍ ከሆነ አትለጥፊው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ክር በየጊዜው እየጨመረ ተቸገርን። የአምናው ፎቶ ከአምና ዋጋው ጋር ቻናሉ ላይ ተቀምጧል፤ ደንበኛዋ እሱን ጠቅሳ «በዚህ ስጪኝ» ትላለች። ላጠፋው አስቤ ተውኩት። አሁን ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን ቀን እጽፋለሁ፤ ጭማሪ ሲኖርም ምክንያቱን በድምፅ መልእክት እናገራለሁ። በጽሑፍ ሲሆን ሰው ይናደዳል። በድምፅ ሲሰማ «እሺ በቃ» ይላል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የጋሼ ልጅ የራሱን ቻናል ከፍቷል። ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይቀርጻል፤ ፎቶውም ከኔ ይበልጣል። ዋጋው ከኔ ትንሽ ይቀንሳል፣ የሱቅ ኪራይ የለበትማ። በየጠዋቱ እሱ የለጠፈውን አያለሁ፤ እሱም የኔን እንደሚያይ ነግሮኛል። ግን ሰፊ የለውም፤ በፋሲካ ሰሞን ትዕዛዝ ሲበዛበት ወደኛ ይልካል፣ እኛም እየሰፋን እናስረክብለታለን። የስፌቱን ዋጋ ልንነጋገር ዓርብ ቀጠሮ አለን።