የጠዋቱ 9 ሰዓት ጀልባ

ባሕር ዳር ዲዛይነር ከሆንክ ሥራ አትመርጥም። ጠዋት ባነር፣ ረፋዱ ላይ የሠርግ ካርድ፣ ከሰዓት የሆቴል ሜኑ፣ ሲመሽ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ድረ ገጽ። እኔም በኅትመት ጀምሬ ወደ ስክሪን የመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። ሙያዬን ከምንም በላይ ያስተማረኝ ግን ጣና ዳር የቆመ አንድ የንክኪ ስክሪን ነው። ጀማሪ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ ሁሌም የማወራላቸው የሱን ነገር ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ደንበኛው በጀልባ ትራንስፖርት ላይ የሚሠራ ድርጅት ነው። ስሙን ልተወው። የፈለገው ነገር ግልጽ ነው። ወደ ገዳማቱ የሚሻገር ሰው ወደቡ ላይ ስክሪኑን ነክቶ መድረሻውን ይመርጣል፣ ቀንና ሰዓት ይይዛል፣ ተራ ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ትኬት መስኮቱ ይሄዳል። የእንግሊዝኛው ገጽ አልቋል። ከውጭ በተገዛ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የገጽ ንድፍ) ላይ ነው የተሠራው፤ ኃላፊዎቹም ፈርመውበታል። ለእናንተ የቀረው እንግሊዝኛው ባለበት ቦታ አማርኛውን መተካት ብቻ ነው ተባልን። ዋጋውንም በዚያው ልክ ቆረጡት።

ጽሑፉን እንዳስገባን ችግሩ በየቦታው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። የእንግሊዝኛው ዲዛይን ቁልፎቹን የለየው በትልልቅ ፊደል ነው። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ በኢታሊክ፣ ማለትም በተጋደመ ፊደል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ማጋደምም ከብራናው ጊዜ ጀምሮ የኛ ወግ አይደለም፤ ኮምፒውተር በግድ ሲያጋድመው ለማንበብ ያስቸግራል እንጂ ማስጠንቀቂያ አይመስልም። እንግሊዝኛው ላይ ጎላ ብሎ ይታይ የነበረው ሁሉ አማርኛው ላይ እኩል ሆኖ አረፈው። ቁልፉ የቱ ነው፣ ማብራሪያው የቱ ነው፣ አይለይም።

የመስመር ክፍተቱም የተለካው ለላቲን ነው። ላቲን ብዙዎቹ ትንንሽ ፊደላቱ አጫጭር ስለሆኑ በመስመሮቹ መካከል አየር አለ። የኛዎቹ ሙሉ ቁመታቸውን ይዘው ነው የሚቆሙት። አንዱን ከሌላው የሚለየው ደግሞ ትንሿ ቅጥያ ነች። ጨ፣ ጩ፣ ጪ፣ ጬን ደርድራችሁ በትንሽ መጠን ቦልድ (ወፍራም) አድርጓቸው። ክፍተታቸው ይደፈንና የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋችኋል። “መውጫ” የሚለው ቁልፍ ላይ የገጠመን ይኸው ነው። ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀየርን፣ ውፍረቱን መካከለኛ አደረግን፣ መጠኑን ከፍ አድርገን የመስመሩን ክፍተት ከ1.2 ወደ 1.6 አሳደግነው። ከዚያ በኋላ ነው ገጹ መተንፈስ የጀመረው።

(ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል መለያ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ ከገባ ቆየ፤ በፈረንጆቹ 1999 በስሪት 3.0 ነው የገባው። ሆኖም ዛሬም በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ይመጣልኛል። ይህ ደንበኛም ከላከው ጽሑፍ ግማሹ ሲከፈት ምልክት ብቻ ነበር። እንደገና መተየብ ግድ ሆነ።)

ከሁሉም የከፋው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። የዘጌ ጀልባ መነሻ በእንግሊዝኛው ገጽ 9፡00 ኤኤም ይላል። ተርጓሚው “ጠዋት 9፡00” ብሎ አስቀምጦታል። በአማርኛ ጠዋት 9 ሰዓት የሚባል ነገር የለም። 9 ሰዓት ወይ ከቀትር በኋላ ነው፣ ወይ ሌሊት። ጀልባው የሚነሳው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ለደንበኛው ስንነግረው “ሰው ይለምደዋል፤ ስልኩም እኮ እንደዚያው ነው የሚያሳየው” የሚል መልስ መጣ። እርግጥ ስልክ እንደዚያ ያሳያል። ሰው ግን ስልኩን የሚያነበው በልቡ ስድስት እየቀነሰ ነው። ስንቱ ደግሞ የስልኩን ሰዓት ራሱ በሀበሻ ሞልቶታል። “ጠዋት” ከሚል የአማርኛ ቃል አጠገብ 9ን ሲያይ ምን ብሎ ይቀንስ?

በኢሜይል መጨቃጨቅ አልፈለግሁም። ስክሪኑ ለሙከራ ወደቡ ላይ ሲቆም የድርጅቱን ኃላፊ መጥተው አጠገቡ እንዲቆሙ ለመንኳቸው። “ጋሼ፣ አንድ ጠዋት ብቻ ይስጡኝ። እኔም ምንም አልናገር፣ እርስዎም ለማንም አያስረዱ” አልኳቸው። እሺ ብለው መጡ። ሻይ ይዘን ከዛፉ ጥላ ሥር ቆምን።

ነጠላ የለበሱ እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ትነካለች፣ እናት ፀሐዩን በጃንጥላ ይከልሉላታል። ከለላው ያስፈልግ ነበር፤ ጽሑፉ ግራጫ ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ይጠፋል። ዘጌን መረጠች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቆመ።

“እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚለው።”

“ጠዋት አይልም እንዴ?”

“ይላል። ጠዋት ዘጠኝ።”

“የነገ ይሆን?”

ልጅቷ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ገባች፣ እንደገና ያው 9 ወጣ። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ ትኬት መስኮቱ ዞሩ። ትኬት ቆራጯ አንገቷን አውጥታ ጮኸች፦ “እናቴ፣ እሱን ይተዉት! ጀልባው ሊነሳ ነው፣ ቶሎ ይምጡ!” ሁለቱ እየሮጡ ደረሱ። እሷ ግን አላበቃችም። ወደ ኃላፊው ዞራ “ጋሼ፣ ይሄ የማን ሰዓት ነው? ትኬት ልቁረጥ ወይስ ስክሪኑን ሳርም ልዋል?” አለች።

ኃላፊው ሻያቸውን አስቀመጡ። “አስተካክሉት። ጊዜ ውሰዱ” አሉኝ። ከደንበኛ አፍ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እነዚህን እወዳቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከደንበኛ ጋር በሐሳብ ስንለያይ ብዙ ማብራሪያ አልጽፍም። ሥራው የሚቆምበት ቦታ ወስጄ አቆመውና ሰው ሲጠቀም አብረን እናያለን።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከሥሩ ጀመርነው። የአማርኛው ገጽ ላይ የሀበሻ ሰዓት ብቻ፣ የእንግሊዝኛው ላይ የነሱ ብቻ። ሲስተሙ ውስጥ የተቀመጠው ሰዓት አንድ ነው፤ የሚለወጠው አጻጻፉ ነው። የቀኑን ክፍል አስቀድመን “ጠዋት 3 ሰዓት”፣ “ከሰዓት 8 ሰዓት” ብለን ጻፍን። ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን እናድርግ ያለ ነበር። በወረቀት ሞከርነው፤ ለአንድ ጀልባ ሁለት ቁጥር ሲታይ ሰው የባሰ ይጠይቃል። የሚታተመው ወረቀት ላይ ግን ሁለቱንም አወጣን። አስጎብኚው በአማርኛ ያነበበውን ለእንግዳው ማሳየት አለበትና።

ቀን መምረጫው ሌላ ጣጣ ነበረው። ቴምፕሌቱ 12 ወር ነው የሚያውቀው፤ በሦስት በአራት ተደርድረው ካሬው ሞልቷል። ጳጉሜ የት ትግባ? ፕሮግራመራችን ከነሐሴ ጋር እናዳብላት አለ። እኔ እሺ አላልኩም። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፤ ሰው በዚያ ዕለት ቤቱ አይቀመጥም። ከነሐሴ ሥር 33 የሚል ቀን ማን ይፈልጋል? መፍትሔው የመጣው ከራሷ ከጳጉሜ ነው። 5 ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ 6። አንድ መስመር ይበቃታል። ከ12ቱ ካሬዎች በታች ገጹን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ዝቅ ያለ ረድፍ ሰጠናት። ሲነኳት ቀኖቿ እዚያው መስመር ላይ ይዘረጋሉ፤ ሌላ ገጽ አይከፈትም። በሙያዬ ከሠራኋቸው ነገሮች ይቺን ረድፍ የምታህል የምኮራባት የለችም።

ትኬት ቆራጯን በዚህ ጊዜ አማካሪያችን አድርገናት ነበር። ወደ ዘጌ ሰው የሚጎርፍበትን ቀን ስንጠይቃት ሳታመነታ “የካቲት 16” አለች። የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ እዚያው ዘጌ ነች። በዓላቱን ቀን መምረጫው ላይ በቀይ እናሳያቸው አልን። ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ይጽፉ ስለነበር ለዓይናችን አዲስ አይደለም። ግን ቴምፕሌቱ ቀይን የያዘው ለስህተት ነው። አንድ ቀለም በአንድ ገጽ በዓልም ስህተትም ሊሆን አይችልም። ቀዩን ለበዓል ትተን ስህተቱን ወደ ጠቆር ያለ ቢጫ ከምልክት ጋር አዛወርነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ትንሽ ይመስላል። ለኔ ሙያው እሱ ነው።

ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። ቴምፕሌቱ ይህንን ያስቀመጠው መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከክፍያው ሥር፣ በትንሽ ጽሑፍ ነው። ሴትዮዋ ሁሉን ጨርሳ፣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ ነው የምታነበው። ወደ መጀመሪያው ገጽ አመጣነውና ከስሙ ጋር አጣበቅነው። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችም ስለሚገቡበት ጎን ለጎን እንዲታዩ አደረግን። ለጽሑፉና ለመደቡ የቀለም ልዩነት ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ (WCAG) ለመደበኛ ጽሑፍ 4.5 ለ1 ይበቃል ይላል። ለጣና ፀሐይ ያ አይበቃም። ጥብቅ የሚለውን ደረጃ፣ 7 ለ1፣ አልፈን ሄድን። ግራጫው በሙሉ ወጣ።

ዛሬ ውል ስንፈርም አንድ ነገር አስቀድመን እናስገባለን። የአማርኛው ጽሑፍ ሙሉ ሆኖ ሳይመጣ ንድፍ አንጀምርም። ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል የሚል ደንበኛ ሥራውን ይዞ ቢሄድም ቅር አይለንም። ለጀማሪዎችም የምላቸው ይህንኑ ነው። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ረጅሙን የአማርኛ ቃል መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቀጥሉ፣ ከዚያ ስለ ውበቱ እንነጋገራለን። የቁልፉ ስፋት ከቃሉ ይወለድ።

አንድ የቀረን ሥራ አለ። ለገጹ ፎቶ ልናነሳ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄደን ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ደጋግሜ አየሁ። ቅዱሳኑ ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። የኛ ስክሪን ያንን ገና አላገኘም። ባለ መልሕቁን የመርከብ ምልክት አውጥተን ጣሪያ ያላትን የጣና ሞተር ጀልባ ሥለናል፤ መድረሻዎቹም በፎቶ ይታያሉ። ሰዓቱን ግን አሁንም ማንበብ ግድ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ሲመጣ ከሰልፉ አንዱ ያነብለታል፣ ካልሆነም ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ድምፅ ልንጨምር ነው። የጀልባ ሞተር አጠገቡ ሲነሳ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አይሰማም፤ በጣም ከጮኸ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያሉትን ይረብሻል። አሁን የምንሞክረው እንደ ስልክ ወደ ጆሮ የሚያዝ ማዳመጫ ነው። የሚሰማው ድምፅ የትኬት ቆራጯ ነው፤ ስንጠይቃት ደስ ብሏት ተስማማች። እኛ የጻፍንላትን ዓረፍተ ነገር ግን አልተቀበለችም። “እንዲህ ብዬ ለማንም ነግሬ አላውቅም” ብላ ሙሉውን በራሷ አነጋገር ጻፈችው። የምንቀዳው የሷን ነው።