የእማዬ ቤት የመብራት ቦርድ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር? እንዴት እንደወሰንን

ቤታችሁ ብሬከር እየደጋገመ የሚወርድባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ብሬከር ሲወርድ ብዙዎቻችን የተበላሸው ብሬከሩ ነው ብለን ነው የምናስበው፣ ከዛ ሰፈር ያለ ኤሌክትሪሻን ይጠራል፣ መጥቶ ከፍ ያለ ብሬከር ይቀይርልናል፣ መውረዱ ያቆማል፣ ተገላገልን እንላለን። እኛ ቤት ይሄ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው።

ቤቱ የእማዬ ነው፣ ኮልፌ አካባቢ፣ በደርግ ጊዜ የተሰራ፣ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤቶች አሉ፣ አንዱ ማድ ቤት ነው አንዱ ደግሞ ተከራይ አለበት። ልጆች እያለን በረንዳው ላይ እንጨት ላይ የተመታ የሸክላ ባልቦላ ነበር (ከረንት ሲበዛ ሽቦው ተቃጥሎ የሚቆርጥ ፊውዝ)፣ ሲቃጠል አባቴ ቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ ይመልሰዋል። በ1990ዎቹ ውስጥ ያ ተነስቶ ብሬከር ያለው የብረት ሳጥን ገባ፣ ቦርድ የምለው እሱን ነው። ሳጥኑ ተቀየረ እንጂ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን የድሮው ነው፣ ሰርቪሱም ሲሰራ ከዛው ላይ እየተቀጠለ ነው የወጣው። ድሮ መብራትና ሬዲዮ የሚይዝ መስመር ዛሬ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ቦይለር፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያ ምናምን ሁሉ ተሸክሟል።

ምልክቱ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ምጣዱ ሲሰካ የሳሎን መብራት ደብዘዝ ይላል። እማዬ ሊጡን አጋምሳ እንጀራው ላይ እያለች የማድ ቤቱ ብሬከር ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይታ ስትመልሰው ይሰራል፣ ከዛ ደግሞ ይወርዳል። በረንዳው ላይ ሳጥኑ ጋ ስትቆሙ ደግሞ የሆነ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ አለ፣ ሁሌ ሳይሆን እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ። ሽታው ነው እኔን ያስፈራኝ፣ መውረዱ አይደለም።

መጀመሪያ የመጣው ልጅ ሳጥኑን እንኳን በደንብ ሳይከፍት “20 አምፔር ነው ያለው፣ አይችልም፣ 32 እናስገባለት በቃ” አለ። ሽቦው ስንት ካሬ ነው (ውፍረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው) ብዬ ስጠይቀው 2.5 ነው አለኝ። እዛ ጋ ነው እምቢ ያልኩት፣ ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ ምክንያቱም ይሄ የነገሩ ዋና ነው።

የእማዬ ምጣድ 3500 ዋት ነው፣ በ220 ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የውሃ ማፍያው 2000 ዋት ነው፣ 9 አምፔር። ከስቶቩ አንዱ ምድጃ 1500 ዋት፣ 7 አምፔር አካባቢ። ሶስቱ በአንድ መስመር ላይ አብረው ሲሰሩ 32 አምፔር ሆነ ማለት ነው። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ የሚሄድ 2.5 ካሬ ሽቦ ደግሞ በሰላም የሚችለው 20 ምናምን ነው፣ ስለዚህ 20 ብሬከሩ መውረዱ ልክ ነው፣ ስራውን ነው የሰራው። በቦታው 32 ብናስገባ ያንን 32 አምፔር ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፈው፣ እንደውም የብሬከር አሰራሩ ራሱ 36 አካባቢ ቢሄድበት ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲችል ነው፣ 46 ሲደርስም ለመውረድ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። እንጀራ መጋገር ደግሞ የአምስት ደቂቃ ስራ አይደለም። ብሬከር ሽቦውን ለመጠበቅ ነው የተሰራው፣ ከሽቦው አቅም በላይ የሆነ ብሬከር ስታስገቡ ባልቦላው ሆኖ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ሁለተኛ የመጣው ሰው ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ አየት አድርጎ ቤቱ በሙሉ ሽቦው ይነቀል ቦርዱም ይቀየር አለ፣ የጠራውም ብር ለእማዬ የሚቻል አይደለም፣ በጡረታና በአንድ ክፍል ኪራይ ነው የምትኖረው። ለምን ሁሉም? ብዬ ስጠይቀው “አርጅቷል” ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። እርጅና ብቻውን ምክንያት አይሆነኝም፣ የቱ ጋ ነው የተጎዳው የሚለውን ማየት አለብኝ።

ከዛ በዘመድ በኩል በዚህ ስራ ያረጁ አንድ ጋሼ አገኘን። እሳቸው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት እንክፈተው አሉ። መጀመሪያ ከቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አጠፉ፣ ምክንያቱም የሳጥኑ ዋና ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪ የሚመጣው ገመድ የገባበት ወገን መብራት እንዳለው ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዛ በቴስተር አረጋገጡ። በነገራችን ላይ መብራት በሄደበት ሰዓት “አሁን ጠፍቷል እንስራው” የሚባል ነገር አለ፣ እባካችሁ አታድርጉት፣ እጃችሁ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል። የቆጣሪውን እሽግ ራሱንም እንዳትነኩ፣ ከፖል እስከ ቆጣሪ ያለው የመብራት ኃይል ንብረት ነው፣ ችግሩ እዛ ወገን ከሆነ 905 መደወል ነው።

ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ከየት እንደሆነ ታወቀ። ኒውትራሎቹ (ከረንቱ የሚመለስባቸው ሽቦዎች) የሚታሰሩበት ባር ላይ የማድ ቤቱ መስመር የገባበት ቡሎን ጋ የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ ጋሼ በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት ተሰነጣጥቆ ረገፈ፣ ከስሩ ያለው ኮፐር ጠቁሯል። ካቻቢቴ ሲያስገቡበት ቡሎኑ ያለምንም ጉልበት ዞረ። ላልቷል ማለት ነው። “ይሄን ብሬከር አያየውም” አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ የላላ ቦታ ላይ የሚሄደው ከረንት ያው ነው፣ አይጨምርም፣ ስለዚህ ብሬከር በምን ይወቀው? ሙቀቱ ግን እዛች ነጥብ ላይ ይከማቻል። 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው በ16 አምፔር 25 ዋት ሙቀት ነው፣ በ32 ግን 100 ዋት ይሆናል፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን። የድሮውን 100 ሻማ አምፖል ዝግ ሳጥን ውስጥ አብርቶ መተው እንደማለት ነው።

እዚህ ጋ ገና መጠገን ይቻል ነበር። ይሄን የምለው እህቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት ስለነበር ነው። የእሷ አንድ ብሬከር ስሩ ሞቆ ጠቁሮ ነበር፣ ግን ሳጥኑ ደህና ነው፣ ባሩ ንጹህ ነው፣ ኧርዝ (ያመለጠ ከረንት ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) አለው፣ ትርፍ ቦታ አለው፣ ሽቦውም ለጫናው ይበቃል። ስለዚህ የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ እስከ ንጹህ ኮፐር ድረስ ተቆርጦ፣ ብሬከሩ ብቻ በራሱ ልክ ተቀይሮ፣ ሌላው ሁሉ ተጠብቆ አለቀ። ለእሷ ቦርድ ቀይሪ ማለት ገንዘቧን መጣል ነበር።

የእማዬ ግን እንደዛ አልነበረም። ባሩ ራሱ ሙቀት በልቶታል፣ የተቀመጠበት ፕላስቲክ ቀልጦ ተንጋዷል። ሳጥኑ ስድስት ቦታ ነው ያለው፣ ሁሉም ተይዞ ስላለቀ የሰርቪሱና የሳሎኑ ሽቦ አንድ ብሬከር ስር ተጨናንቀው ታስረዋል፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ስለሆነ ቀጭኑን ቡሎኑ በደንብ አልያዘውም። በረንዳ ላይ ስለሆነ ከላይ በክረምት ውሃ እየገባበት ዝጓል። የኧርዝ ባር የሚባል ነገር የለውም። ከረንት ሰው ሲይዝ የሚያጠፋ አርሲዲ የሚባል መቁረጫ ማስገቢያ ቦታም የለውም። አንዱን ጠግነን አምስት ችግር ትተን መሄድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ቦርዱ ይቀየር አልን። ግን ቦርዱ ብቻ ተቀይሮ የማድ ቤቱ 2.5 ሽቦ እዛው ከቀረ ያው አዲስ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ችግር ነው፣ ስለዚህ ብሩን አከፋፈልነው፦ አዲስ ቦርድ፣ ለምጣዱ ብቻ ከቦርዱ ቀጥታ የሚሄድ አዲስ 4 ካሬ መስመር በ20 ብሬከር፣ ስቶቩና ማፍያው በሌላ መስመር፣ የኧርዝ ዘንግ ጓሮ ላይ። የሳሎንና የመኝታ ቤት ሽቦ ተፈትሾ ደህና ስለነበር ባለበት ይቆይ ተባለ። ከ“32 አስገባ” በጣም ይወደዳል፣ ከ“ሁሉም ይነቀል” ደግሞ በጣም ይረክሳል።

እቃውን መርካቶ ነው የገዛነው፣ ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አልጽፈውም። ጋሼ ብሬከር ሲመርጡ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። በእጃቸው መዘኑት፣ በጣም ቀላል የሆነውን መለሱት። ጽሁፉን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ የሚለቀውን መለሱት። ከዛ ፊቱ ላይ C20 (20ው አምፔሩ ነው) የሚለውንና አራት ማዕዘን ውስጥ 6000 የሚለውን ፈለጉ፣ 6000 ማለት ሽቦና ሽቦ ተነካክቶ ኮንታክት ሲፈጠር እስከዛ አምፔር ድረስ ራሱ ሳይፈነዳ መቁረጥ ይችላል ማለት ነው። ሻጩ “ሁሉም አንድ ነው” ሲላቸው መልስም አልሰጡትም።

ስራው ተሰርቶ አርሲዲው ከገባ በኋላ የሆነው ነገር ነው ከሁሉም በላይ እኔን የነካኝ። ሁሉም በርቶ ይሰራል፣ ምጣዱ ሲሰካ ግን አርሲዲው ወዲያው ጣለው። ተከራይዋ “አዲሱም ያው ነው እንዴ” አለች። ጋሼ ግን ምጣዱን ገለበጡት፣ ከስር የሸክላው ቦይ ውስጥ የተኛውን ሽቦ የሸፈነው ጀሶ ተሰንጥቆ ርጥበት ገብቶበታል፣ ከረንት ወደ ብረቱ እየወጣ ነው። እማዬ “አዎ እኮ፣ ነዘር ያደርገኛል፣ ለዛ ነው ኮንጎ ጫማ የማደርገው” አለች እንደ ተራ ነገር። ለስንት ዓመት! ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ እጇ በሊጥ ርሶ፣ በፕላስቲክ ጫማ ብቻ እየተጠበቀች ነው የጋገረችልን። ተከራይዋም ይነዝራታል፣ እሷም የምጣድ ነገር እንደዛ ነው ብላ ነው የተወችው። እናቶቻችን ነዘረኝ ሲሉ እንደ ጸባይ አድርገን ነው የምንሰማው፣ እባካችሁ እንደዛ አትስሙት።

አርሲዲ የሚሰራው በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን እያየ ነው፣ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሌላ ቦታ ከሄደ ይቆርጣል፣ ያ ሌላ ቦታ የሰው ገላ ሊሆን ይችላል። ተራ ብሬከር ይሄን ጭራሽ አያውቀውም፣ ሰው የሚገድል ከረንት ለ20 ብሬከር ምንም አይደለም። ኧርዝ ከሌለ አርሲዲው የሚያውቀው ሰው ሲነካው ነው፣ ኧርዝ ካለ ግን ገና ሳይነካ፣ ሲሰካ ነው የሚጥለው፣ የእማዬን ምጣድ እንደጣለው። ምጣዱ አዲስ ሸክላ ገባለት፣ ከዛ በኋላ አልጣለውም።

አርሲዲ ሲጥልባችሁ “ያስቸግራል አውጡት” የሚል ሰው ይመጣል፣ አታውጡት፣ እቃዎቹን በሙሉ ነቅላችሁ አንድ በአንድ እየሰካችሁ የቱ እንደሚጥለው ፈልጉ። ሁሉም ተነቅሎም የሚጥል ከሆነ መስመሩ ራሱ ነው፣ ወይ የሁለት መስመር ኒውትራል ተቀላቅሏል።

አሁን ቦርዱ ከበረንዳ ወደ ውስጥ ኮሪደር ገብቷል፣ እያንዳንዱ ብሬከር ስር “ምጣድ”፣ “ስቶቭ”፣ “ቦይለር”፣ “ሰርቪስ” ተብሎ በአማርኛ ተጽፎበታል፣ እማዬ ማንንም ሳትጠራ የቱን እንደምታጠፋ ታውቃለች። ዋናው ብሬከር 40 አምፔር ስለሆነ ምጣድ፣ ስቶቭና ቦይለር አንድ ላይ አይበሩም፣ እንጀራ በሚጋገርበት ጠዋት ቦይለሩ ይጠፋል ተብሎ ከተከራይዋ ጋር ተስማምተናል። አርሲዲው ላይ ያለችውን የቴስት ቁልፍ በወር አንዴ ትጫናታለች፣ ሲጥል ደህና ነው፣ ካልጣለ ወዲያው ትደውልልኛለች። እንጀራ ከተጋገረ በኋላም እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ አይቼዋለሁ፣ አይሞቅም፣ ሽታም የለም። የቀረን የመኝታ ቤቶቹ መስመር ነው፣ እነሱ ገና ባለ ሁለት ሽቦ ናቸው፣ አርሲዲው ይሸፍናቸዋል ግን ኧርዝ የላቸውም፣ ኮርኒሱ ሲቀየር አብሮ ይሳባል፣ ኧርዝ ባሩ ላይ ለእነሱ የሚሆን ባዶ ቦታ ጋሼ ትተውልናል።